አቤት ላለ አቤት ይባላል

«ካልተመቸሽ ልቀቂ!»

«ልቀቂ የሚባለው የያዘ ሰው ነው፣ አደይ! እኔ ምን ይዣለሁ? ውል አልያዝኩ፣ ደረሰኝ አልያዝኩ፣ የውጭውን በር ቁልፍ እንኳ አልያዝኩ!»

ይህን ስትመልስ የሰማኋት ከግድግዳ ማዶ ሆኜ ነው። በብሎኬት የተከፈለ ክፍል ምስጢር አይቋጥርም። መላሿ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት፤ «አደይ» ያለቻቸው የሁላችንም አከራይ ናቸው። ጠቡ የተነሳው በበር ምክንያት ነው። የግቢያችን በር ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይቆለፋል። ትርፍ ሰዓት በምትሠራባቸው ቀናት ደግሞ ሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ የሚያወርዳት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቆርቆሮውን ትደበድባለች። ውሻው ይጮኻል። አንዱ ተከራይ «ሰው አያስተኙም እንዴ!» እያለ ይራገማል። አደይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቁልፋቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሲነጋ ስሞታው ሁሉ በእሷ ላይ ነው። እስከዚያ ሰዓት ያቆያትን ሥራ የጠየቀ የለም፣ በሩን የጠየቀ የለም፤ የተከሰሰችው ደክሟት የመጣችው ልጅ ናት።

ስለዚህ ዛሬ እዚህ አምድ ላይ የቆምኩት ከእሷ ጎን ነው።

ቡና ላይ መካሪ አይጠፋም። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አቦይ፣ የተከበሩ ትልቅ ሰው፣ ስኒያቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ ዝምታ ወርቅ ነው» አሏት።

«ወርቅ ከሆነማ አቦይ፣ የዚህን ወር ኪራይ በዝምታ ልክፈል!»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማሽም?»

«ዝንቡ የሚነሳው ከመጸዳጃ ቤቱ ነው። የኔ አፍ ቢዘጋ እሱ ይዘጋል?»

«ተይ እንጂ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው። ታገሺ።»

«ቤቱ የእግዚአብሔር ከሆነ ኪራዩን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ እጨምረዋለሁ። የሰው ከሆነ ግን ሰውየው ጣራውን ይድፈን!»

አቦይ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እኔ ግን የልጅቱን መልስ ይዤው አደርኩ። አፍ የሚያስይዙ ተረቶቻችንን እንዴት አድርገን አበዛናቸው! ደሃ በተናገረ ቁጥር የምንመዝዘው ተረት አናጣም። ቅሬታ አቅራቢን ነገረኛ፣ ጠበኛ፣ ሰው የማይወድ ማለት ለምዶብናል። ስሞታና ሐሜት ግን አንድ አይደሉም። ሐሜት ነገሩን ማስተካከል ለማይችል ሰው የሚወራ ነው፤ ስሞታ ማስተካከል ለሚችለው ሰው ፊት ለፊት የሚነገር ነው። ይህች ልጅ በር ስለተቆለፈባት የነገረችው ቁልፉን ለያዙት ሴትዮ ነው። ከዚህ የበለጠ ጨዋነት የት አለ? አንጀቷ እያረረ ፋብሪካ ውስጥ ለጓደኞቿ ብታወራ ኖሮ ማንም ነገረኛ አይላትም ነበር። በሩም እንደተቆለፈ ይቀር ነበር።

ደግሞ የቋንቋችንን ነገር አስቡት። ሰው ሲጠራን «አቤት» እንላለን። ስንበደልም «አቤት» እንላለን። ጥሪውም መልሱም አንድ ቃል ነው። ድሮ ተበዳይ ከነገሥታቱ ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር፤ እዚሁ መቐለ የአጼ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሟል። አቤት ማለት እንግዲህ ትናንት ከተማ የገባ ልማድ አይደለም፤ ከሕንፃውም የቆየ ነው። አቤት ላለ አቤት ሊባል ይገባል። «ልቀቂ» ለአቤቱታ መልስ አይሆንም።

አሁን ወደ ፓርኩ ልግባ። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ላይ ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት 15 ሼዶች ተገነቡለት፤ ሥራው ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ላይ ያተኮረ ነው። ባለቤቱ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። ልብስ የሚያመርቱት ኩባንያዎች ደግሞ ሼዱን የሚይዙት በኪራይ ነው። ቃሉን ልብ በሉት፦ በኪራይ! ባለሀብቱም እንደ ጎረቤቴ ተከራይ ነው። ልዩነቱ ያለው አቤት ሲሉ ነው። ባለሀብቱ ፈቃድ ቢፈልግ፣ የጉምሩክ ጉዳይ ቢገጥመው፣ ቪዛ ቢያስፈልገው፣ ባንክ ቢሻ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር እንዲያልቅለት የአንድ መስኮት አገልግሎት ተዘጋጅቶለታል። ጥሩ ነገር ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሊንከራተት አይገባም።

ይህን ነግሬያት «መስኮት አለው» አልኳት።

«የኔም ክፍል መስኮት አለው። የሚከፈተው ወደ መጸዳጃው ነው።»

ከጎኗ የተቀመጠው ተከራይ ጣልቃ ገባ፦ «እሱ እኮ ዶላር ያመጣል!»

«ዶላሩን የሚያመጣው ሸሚዙ ነው፤ ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ!»

«ፓርኩ ከጦርነቱ ገና አላገገመም። ከአጎዋም ከወጣን ቆየን። አሁን የቅሬታ ጊዜ ነው?»

«አጎዋ እያለም በሩ በሦስት ሰዓት ይቆለፍ ነበር!»

ልክ ናት። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2022 መግቢያ ላይ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ተሰርዛለች፤ የትግራዩ ጦርነትም ፓርኩን ዘግቶት ነበር፤ ሁለቱም ከባድ ጉዳት ናቸው። ነገር ግን የሠራተኛዋ ማደሪያ ጉዳይ ከሁለቱም ይቀድማል። ሐዋሳን ተመልከቱ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከመቐለው አንድ ዓመት ቀድሞ ተመረቀ፤ ከገጠር የመጡት ሴቶች አራትም አምስትም ሆነው አንዲት ክፍል ሲከራዩ የታየው ገና ከጠዋቱ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርን ማዕከል በ2011 ባወጣው ጥናት የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር፤ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን የደመወዝ ወለል ሳይቆረጥለት ዓመታት አለፉ። እንግዲህ በዚህ ደመወዝ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ለእናት የሚላክ ብር ተደምሮ ምን ይተርፋል? ለማሽኑ ሼድ ታቅዶለታል፣ አስፋልት ተነጥፎለታል፣ መብራት ተስቦለታል። ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ልጅ የት ታድራለች የሚለው ጥያቄ የተተወው ለመንደሩ አከራይ ነው። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የአደይ አይደለም።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ቆጣሪያችን አንድ ነው። ለስድስት ክፍል አንድ ቆጣሪ! መብራት የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ነው። አደይ ከቆጣሪው ሥር ቆመው ቁጥሩ ሲሮጥ ያዩና የየክፍሉን በር ይቃኛሉ። አንድ እሁድ ልጅቱ ምጣድ ጥዳ ደረሱባት።

«አምፖል ብቻ ነው ያልኩት!»

«አምፖል ላይ እንጀራ አይጋገርም፣ አደይ!»

ውሃውም እንደዚያው ነው። መቐለ የውሃ ችግሯን የምታውቀው ከተማ ናት። ታቅዶለት የነበረው የገረብ ግባ ግድብም በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ነበር። ውሃ በመጣ ሌሊት ግቢው በጀሪካን ይሞላል። ቀድሞ የነቃ ስምንት ይሞላል፤ በሥራ ያመሸችው ስትነሳ ቧንቧው ያፏጫል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተከራይና ተከራይ ቢጣሉ አይደንቅም። ጠባቸው የክፋት አይደለም፤ የጥበት ነው። የጠበበውን ነገር ተራ ካልያዙለት ግን ጥበቱ ክፋት ይወልዳል። መጸዳጃ ቤት የማጽዳት ተራ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሩ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ እኛ ግቢ «ማን አቆሸሸው?» የሚል ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

የጂፓሱ ጉዳይ ግን በተራ የሚፈታ አልነበረም። የመጨረሻው ክፍል ተከራይ ወጣት ነው፤ ከበሩ አጠገብ ጂፓስ የሚሉትን ትልቅ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ አስቀምጧል። ልጅቱ በእረፍት ቀኗ ትንሽ ልተኛ ስትል ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

«ምን አገባሽ? በገዛ ክፍሌ፣ በገዛ ጂፓሴ!»

«ጂፓሱ ያንተ ነው፤ ጆሮው የኔ ነው!»

ልጁ ይህን መልስ ሲሰማ ሳቀና ቀነሰው። ባይቀንስስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ጀምሮ መልስ አለው። አንቀጽ 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ብሎ ይዘረዝራቸዋል። ባለቤቱን እንኳ ይህን ያህል የሚያስር ሕግ ካለ ተከራዩ «በገዛ ክፍሌ» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ደስ የሚለኝ ደግሞ ሕጉ የአካባቢው ልማድም ይታይ ማለቱ ነው። ለአሸንዳ ከበሮ ሲመታ የሚያጉረመርም የመቐለ ሰው የለም፤ ሰርግም ለቅሶም የራሱ ድምፅ አለው። በአዘቦቱ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ጂፓስ ግን ልማድም ሕግም አይከላከልለትም።

ስለ ኪራዩም ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል፤ ጭማሪንም አከራዩ ባሻው ጊዜ እንዳያደርገው ይገድባል። አዲስ አበባ ላይ በዚያው በ2016 የውል ምዝገባ ተጀምሯል። ይህን ሳነብላት አቋረጠችኝ።

«ይህን ለአደይ ማን ነገራቸው?»

እውነቷን ነው። ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል እንጂ በግቢ በር ላይ አይለጠፍም። ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የታተመ ወረቀት ተከራይዋ ጓዳ የሚደርሰው በቀበሌ ስብሰባ፣ በሬዲዮ፣ በትግርኛ ተተርጉሞ፣ ተቆጣጣሪ ቢሮ ተሰይሞለት፣ የቢሮው በር ተጠቁሞ ነው። ተከራይ ብቻ ሳትሆን አከራይም ልትሰማው ይገባል። አደይ ሕጉን አውቀው አልጣሱትም። ያልተነገረውን ሰው ደግሞ ከመክሰስ በፊት መንገር ይቀድማል።

አደይን ሳልሰማ ይህን ጽሑፍ ብዘጋ ግን ግፍ ይሆንብኛል። ጠዋት ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ።

«አንተ ጸሐፊው፣ የእሷን ልትጽፍ ነው አሉ። የእኔንስ?»

«ይንገሩኝ፣ አደይ።»

«ባንክ የተዘጋ ጊዜ አንድ ተከራይ አስወጥቻለሁ?»

«አላስወጡም።»

«ደመወዝ የቀረባችሁ ጊዜ ኪራይ ጠየቅኩ?»

«አልጠየቁም።»

«ያችን ጥቂት ሽሮ ከማን ጋር ተካፈልኳት?»

«ከእኛ ጋር።»

እንዳሉት ነው። ከሰኔ 2013 በኋላ ትግራይ ውስጥ ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋርጠው፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 እስኪፈረምና ከዚያም በኋላ ባንኮቹ እስኪከፈቱ ድረስ የነበረውን ጊዜ የመቐለ ሰው ይቆጥረዋል። ደብተር ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ዳቦ መግዣ ያጣበት ጊዜ ነው። ያኔ ስንቱ አከራይ ተከራዩን እንደ ልጁ ይዞት ከረመ! «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ተረት ያኔ ኖርነው። አደይ ጡረታ የላቸውም፤ የስድስቱ ክፍል ኪራይ ነው ጡረታቸው። እነሆ ሰላም ሲመጣ ሁሉም ነገር ተወደደ፣ እሳቸውም ኪራይ ጨመሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተቆጥተው የሚናገሩት ሴትዮ ጨካኝ ናቸው የሚለኝ ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም።

«በሩን የምቆልፈውስ ጠልቻት ይመስልሃል? ማታ ሴት ልጅ ስትዘገይ ልቤ ቀጥ ይላል። የምቆልፈው ለእሷው ነው!»

ልጅቱ ከክፍሏ ሰምታ ኖሮ ወጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግን አላመነታችም።

«ለእኔ የሚቆለፍ ከሆነ፣ አደይ፣ እኔን ውስጥ አስገብቶ ይቆለፍ።»

አደይ ዝም አሉ። ግቢው ሁሉ ዝም አለ። እንዲህ ያለ መልስ ከመቶ ገጽ ክስ ይበልጣል፤ ሴትዮዋን ሳያዋርድ በገዛ ፍቅራቸው ይሞግታቸዋልና። ለካ ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ የጨለማውን መንገድ። አንዷ በሩን ዘግታ ትፈራዋለች፣ ሌላዋ በሩ ተዘግቶባት ትፈራዋለች። ያን ቀን ከሰዓት አደይ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄደው ሁለተኛ ቁልፍ አስቀረጹ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይም አራት መስመር ጻፍኩላቸው፦ ትርፍ ሰዓት ያለባትን ቀን ጠዋት ትናገራለች፣ ስትገባ ቆልፋ ትገባለች፣ ቁልፉን ለማንም አትሰጥም፣ ኪራዩ በየወሩ ሲከፈል ይፈረማል። ሁለቱም ፈረሙ፤ አቦይ ምስክር ሆኑ። የቀኑን ቁጥር ያጻፉኝ አደይ ናቸው።

ወረቀት እንዲህ ይሠራል። ተከራዮች ሆይ፣ ቅሬታችሁን ጻፉ። ቀኑን ጻፉ፣ የሆነውን ጻፉ፣ የምትፈልጉትን ጻፉ፤ ስድቡን ተዉት። «ሴትዮዋ ክፉ ናት» የሚል ማመልከቻ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም፤ «በሩ በሦስት ሰዓት ይቆለፋል፣ እኔ የምደርሰው ሦስት ተኩል ነው» የሚለው ግን መፍትሔው እዚያው ውስጥ አለ። አንድ ቅጂ አስቀሩ። መጀመሪያ ለባለ ጉዳዩ፣ ካልሰማ ለሽማግሌ፣ ካልሆነም ለቀበሌ ስጡ።

ኮንዶሚኒየም የገባችሁም ከዚህ አታመልጡም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ያቋቋመው ማኅበር የባለቤቶች ማኅበር ነው። አንድ ወዳጄ ተከራይ ስብሰባ ላይ እጁን ቢያወጣ «ተከራይ ድምፅ የለውም» አሉት። «ደረጃው ላይ አምፖል በሌለ ጊዜ የሚወድቀው ግን ባለቤቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ!» አላቸው። የማኅበሩ አባል ላይሆን ይችላል፤ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ከኪሱ የሚወጣ ሰው ግን ቢያንስ ሊደመጥ ይገባል። ቤታችሁን አከራይታችሁ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር የምትኖሩ ባለቤቶች፣ የተከራያችሁን ቅሬታ ለማኅበሩ ማድረስ የእናንተ ግዴታ ነው። ኪራዩ ሲደርሳችሁ ስልክ ታነሳላችሁ፤ ቅሬታው ሲደርሳችሁም አንሱ።

የቀረኝ ነገር ፓርኩን የሚመለከት ነው። እኛ ግቢ አንድ ቁልፍ ተቀረጸ፤ በየመንደሩ የሚያድሩት ሠራተኞች ሁሉ ግን ቁልፍ በማስቀረጽ አይዘልቁትም። ስለዚህ ለፓርኩ አስተዳደርና ሼድ ለተከራያችሁ ኩባንያዎች የምለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ትርፍ ሰዓት ስታዙ ሠራተኛዋ አከራይዋን እንድታሳውቅ ከዋዜማው ንገሯት። ሰርቪሱ ማታ ማታ አስፋልት ላይ ከማውረድ ይልቅ እስከ መንደሯ ያድርሳት። ለባለሀብቱ መስኮት በከፈታችሁበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ለሠራተኛዋ የመኖሪያ ቤት ጉዳይ አንድ ጠረጴዛና ትግርኛም አማርኛም የሚሰማ አንድ ሰው አስቀምጡ፤ ውሏን ያንብብላት፣ ማመልከቻዋን ይቀበላት፣ ወደ ቀበሌም ይላክላት። ሸሚዙን ሰፍታ፣ ጨለማውን ተሻግራ፣ እደጃችሁ ቆማ አቤት እያለች ነው፤ አቤት በሏት።